ግድግዳው ላይ የቀረው ሥዕል

መካነ ሰላም
ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፯ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለመለሰ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ተብሎ እንደሚጀመር ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። ዛሬ እሱን ዘልዬዋለሁ፤ አትቀየመኝ።

ከአዲስ አበባ በጭነት መኪናው ሾፌር እጅ የላክኸው ደብዳቤ ደረሰኝ። በሰኔ «እህል ላክልን፣ ልጅቷ ከስታለች» ብዬ ለጻፍሁልህ መልስ መስሎኝ፣ እንስራዬን መንገድ ላይ ጥዬ እየሮጥሁ ነው የተቀበልሁት። አንተ የጠየቅኸው ስለ መጽሔቶችህ ነው። ንጉሡ ወርደዋል፣ የድሮዎቹ መጽሔቶች ከእንግዲህ አይገኙም፣ ባለሥዕል ሽፋኖቹን አሟልቼ ልያዛቸው፣ ከግድግዳው በጥንቃቄ አላቅቀሽ ላኪልኝ፣ አይጥ እንዳይበላቸው አደራ ትላለህ። ስለ ይታይሽ፣ ስለ ልጅህ፣ አንድ ቃል የለም።

ስማኝ መለሰ፣ አይጥ አልበላቸውም። አይጡም ቤታችንን ትቶ ሄዷል።

አዲስ ሙሽሮች ሳለን ትዝ ይልሃል? እንደ ሰዉ ሁሉ የጭቃ ግድግዳችንን ወረቀት ስናለብስ፣ የስንዴ ዱቄት በትልቁ ድስት አፍልተህ መለጠፊያ አደረግኸው። እናትህ እሜቴ ይርገዱ «ኧረ በሞቴ፣ የእግዜር እህል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል?» ሲሉ ሳቅህባቸው። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ደህና አድርገህ፣ ወፈር አድርገህ ነበር የቀባኸው። ፊደል ያስቆጠርኸኝም ከነዚያው ሽፋኖች ላይ ነው፤ ከባለ ፈረሱ፣ ከባለ መሰንቆው፣ ጃንጥላ ከያዘችው ወይዘሮ።

በሐምሌ ይታይሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስትቀመጥ ሥዕል የምታይ መስሎኝ ነበር። ለካ የሽፋኖቹን ጫፍ በጥፍሯ እያነሳች ከጀርባቸው የደረቀውን ዱቄት ስትልስ ኖሯል። ከዚያ በኋላ እኔው በውሃ እያራስሁ ላጥሁላት። ጎረቤታችን ነሲባ «አብሽሪ፣ አላህ ያመጣዋል» እያለች ከሌላት ላይ ቆሎ ታካፍለን ነበር፤ የእሷም አለቀ። ፈረሱም፣ መሰንቆውም፣ ወይዘሮዋም በዚሁ አለቁ።

አንዱን ብቻ ከለከለችኝ። የመኸሩን፣ ነዶ የተሸከመችውን ሴት፣ አንተ ከሁሉ አብልጠህ የምትወደውን።

«እናየ፣ ይኸን ተይው፣ የአባየ ነው። ሲመጣ ይርበዋል» አለችኝ።

አጎቴ ካሳ መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ ሽማግሌ በማለዳ ሄዶ ነው የሚያረዳው ይላሉ። የእኛ ሽማግሌዎች ዘንድሮ አዲስ አበባ የሚደርሱበት ጉልበት የላቸውም። ስለዚህ እኔም አልነግርህም። ሰላም የሚሉህ እሜቴ ይርገዱና ነሲባ ናቸው። ከዚህ ቤት ሌላ ሰላም የሚልህ የለም።

ሽፋኑን ልኬልሃለሁ። በቢላዋ ከነጭቃው ፈልፍዬ ነው ያወጣሁት፤ ሥዕሉ ምንም አልሆነም፣ ደስ ይበልህ። ለጓደኞችህ አሳይተህ ስትጨርስ ገልብጠህ ጀርባውን እየው። ዱቄቱ አለ። ለአንተ ያስቀመጠችልህ ነውና ብላው።

እግዚአብሔር ማዕድህን ይባርክልህ።

የይታይሽ እናት፣
ንግሥቴ