ወደ ቦታዋ የመለስኳት ቀጭን ብረት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መጋቢት 3

እታለም፣ ማሽኑን ሰጡኝ! የራሴ ማሽን፣ የራሴ ወንበር፣ ከላዩ ስሜ በትልቁ የተለጠፈበት! ሰላምታውን ላስቀድም ብል ወሬው ሆዴ ውስጥ ይፈነዳብኝ ነበር።

አሁን በወጉ ልጀምር። እንደምን ከረምሽ? የኮለምበስ ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጥርሴ በቀር የሚያመኝ የለም። ስልኬን ማንሳት ከተውሽ አምስት ወር አልፏል፤ በወረቀት የመጣሁብሽ ለዚህ ነው። ስልክ ይዘጋል፤ ወረቀት ግን ብትወረውሪውም መልሰሽ የምታነሺው ራስሽ ነሽ።

ጥቅምት ላይ ያልሽኝን አልረሳሁም። የመሪጌታ ልጅ ጥይት ልትሠራ! ሦስት ወር ሳይሞላሽ ያባርሩሻል፤ ባሩድ እየሸተትሽም ደጄ እንዳትደርሺ፣ ብለሽ ዘጋሽብኝ። ጠይቀሽኝ ቢሆን እነግርሽ ነበር። አሌክሳንድሪያ ያለው መሥሪያ ቤታችን የሚሠራው ለዒላማ መለማመጃ ክበቦች ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስበው ያመጡልናል፤ እኛ አጥበን እንደገና እንሞላዋለን። ማሽኑ ላይ ዳይ የሚሏቸው ወፍራም የብረት ቱቦዎች ተሰክተዋል። ቀለሁ በየተራ ከሥራቸው ይገባል፤ የመጀመሪያው ቅርጹን ይመልስለታል፣ የመጨረሻው ደግሞ አፉን በተሰካለት የእርሳስ አረር ላይ ያጠብቅለታል።

እዚህ ላይ ልብ በይልኝ። ውፍረታቸው አንድ የሆነ፣ ቁመታቸው ብቻ በጥቂት ሚሊሜትር የሚለያይ ሁለት ዓይነት የሽጉጥ ጥይት አለ። እኛ አጭሩና ረጅሙ እንላቸዋለን። ዳዩ ለሁለቱም ያው ነው። ለአጭሩ ተለክቶ ይታሰራል፤ ረጅሙ ሲመጣ ከሥሩ ቀጭን ክብ ብረት ይገባና ከፍ ያደርገዋል፤ አጭሩ ሲመለስ ብረቷ ትወጣለች። ጆርጂያ አቬኑ ጸጉር ቤት የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሻል? የጸጉር ማድረቂያውን ካስክ በአንቺ ቁመት ከፍ አድርገውት፣ እኔ ስቀመጥ አናቴ ላይ ሳይደርስ ቀረ፤ አንድ ሰዓት ተጎልቼ ጸጉሬ እንደረጠበ ወጣሁ። በቃ፣ ነገሩ ያው ነው።

እኔ ያኔ ማሽን አልነካም፤ ሳጥን አሽጋለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ጠረጴዛ እወለውላለሁ። ማሽኑ የባርናባስ ነበር። ባርናባስ ታኮማ ፓርክ የሚኖር ሰው ነው፤ ድሮ መካኒክ ነበር፤ ማሽኑ ላይ ሃያ ዓመት ሠርቷል፤ ጠዋት ጠዋት በመኪናው ፒክ ያደርገኛል። ገና ካለፈ በኋላ አንድ ምሽት ረጅሙን ጨርሶ፣ ለነገው አጭር ብሎ ብረቷን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ትቷት ሄደ። እኔ አሥራ አራት ዓመት ቢሮ ያጸዳሁ ሴት ነኝ፤ ያለቦታው የተቀመጠ ዕቃ ዓይኔን ይወጋኛል። ሳምንቱን ሙሉ ያየኋት ከመጨረሻው ዳይ ሥር ነው። ዳዩን ፈትቼ ወለወልኩት፣ ብረቷን ከሥሩ መለስኳት፣ ጥሩ አድርጌ አጠበቅሁት። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ሙሉ ቀን አጭሩ ተሠራ። ዳዩ ግን አልደረሰበትም። ማታ አለቃችን፣ ሽበታም ፈረንጅ ናት፣ ከሳጥኑ አንዱን አንሥታ በአውራ ጣቷ ጫን ብትለው እርሳሱ ሰተት ብሎ ገባ። ሌላም አነሣች፣ ያው። እንዲህ ያለው ሰው እጅ ላይ ቢፈነዳስ? አልኩ በልቤ። ማሽኑን ማን አሰናዳው? አለች። ባርናባስ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ እኔ፣ አለ። በነጋታው ማሽኑን ነጥቀው እኔ አጠገብ አምጥተው ሳጥን እንዲያሽግ አደረጉት።

እኔ ዝም አልኩ። አልዋሽሽም፣ እታለም፤ ዝም አልኩ። አሥራ አንደኛ ሳምንቴ ነበር፤ ያንቺ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ከምባረር፣ ልክ ነበርሽ ከምልሽ አፌን ልያዝ ብዬ፣ የሰው እንጀራ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሳምንት በአንድ መኪና ትልቁን ድልድይ ተሻገርን፤ እሱ ያወራል፣ እኔ ወንዙን አያለሁ። ሥራ ላይም ያ ወፋፍራም ጣቱ ከፕላስተሩ ጋር ሲታገል፣ ጌታዬ፣ ሳጥን ነው እኮ፣ ቁስል አይደለም፣ እያልኩ እሥቅበታለሁ። እሱም፣ ታዲያ አስተምሪኝ እንጂ የኔ ባለሙያ፣ ይለኛል። አንድ ጠዋት ባለሙያ ሲለኝ ፕላስተሩን አስቀምጬ ተነሣሁ። ያን ቀን ከምሳ በፊት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ብረቷን የመለስኳት እኔ ነኝ አልኳት።

አልጮኸችም። ሁሉን ሰብስባ ዳዮቹን በሙሉ አስፈታችና፣ በይ ከባዶ አሰናጂው፣ አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ባርናባስ ሲያደርግ እንዳየሁት ለአጭሩ ለካሁ፣ አሰርኩ፣ አንድ ሠርቼ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ብረቷን አገባሁ፣ ለረጅሙ አሳየኋት፤ አወጣሁ፣ መለስኩ፤ ሦስት ጊዜ ደጋገመችኝ። ባርናባስ እጁን አጣምሮ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ስጨርስ፣ ምንም አላስቀረችልኝም፣ ብሎ ሣቀ። ለእሱ ማሽኑን እዚያው መለሱለት። እኔ ከዚያ ወዲህ ስማር ከርሜ፣ ትናንት ከጎኑ ያለውን ሰጡኝ።

ለምን እኔ ነኝ አልክ? ብዬ በመኪና ጠየቅሁት። አልዋሸሁም፤ የመጀመሪያውን ጥይት ተጭኖ ማየት የማሽኑ ባለቤት ሥራ ነው፣ አላየሁም፣ አለኝ። በሃያ ዓመት ያልተውከውን ያን ቀን ምን ነካህ? ስለው፣ ያን ቀን ጠዋት ስለ መሪጌታ አባትሽ እያጫወትሽኝ ነበር እኮ፣ ብሎ መንገዱን ማየት ጀመረ። እኔም ወንዙን ማየት ተውኩ።

እንግዲህ እታለም፣ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ቤቴ ድግስ አለ። ለማሽኑ ነው በይው። ከባርናባስ ወገን ታላቅ ወንድሙ ከአትላንታ፣ ከደብራችንም ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ፤ ተቀመጡ ሳይባሉም አይቀመጡም። አባባ የለ፣ እማማ የለች፤ ከእኔ ወገን ተቀመጡ የሚላቸው ካንቺ ሌላ ማን አለኝ? ከዋዜማው ጀምሮ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ባሩድ አልሸትሽም።

የአባታችን ጸሎት ደጅሽን ይጠብቅ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ልጆችሽን በቁመት እንዳንቺ፣ በሣቅ እንደኔ ያድርጋቸው።

አጭሯ እህትሽ

ወሬ ሳበዛ ቀኑን ረሳሁት፦ የዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ። ልጆቹም፣ ባልሽም፣ ሁላችሁም። አንቺ ግን ከሁሉ ቀድመሽ።