ለመዋዕለ ሕፃናቱ ርዕሰ መምህርት፦ ስለ ፊሽካው፣ ስለ ቀይ ካርዱና ስለ አማቴ ሾርባ

ክብርት ርዕሰ መምህርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጉሮሮዎ ከጉንፋን፣ ጆሮዎ ከጩኸት፣ ቢሮዎ ከወላጅ የተጠበቀ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሚመሩት መዋዕለ ሕፃናት በትልልቆቹ ክፍል የምትማር የአምስት ዓመት ልጅ አባት ስሆን፣ በሙያዬ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነኝ። ቤተሰባችን እኔን፣ በክሊኒክ ካርድ ክፍል የምትሠራውን ባለቤቴን፣ ሴት ልጃችንንና ገና አፉን በመፍታት ላይ ያለውን ማሙሽን ያቀፈ ሲሆን፣ እስካለፈው ወር ድረስ በሰላም እንኖር ነበር። በሰላም ስል ማንም ማንንም አይከስም ነበር ማለቴ ነው።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የተገደድኩት ቅዳሜ አማቴ ለምሳ ስለሚመጡና እሳቸው ደጃችንን ከመርገጣቸው በፊት ከልጄ አንገት ላይ አንዲት ፊሽካ እንድትወርድልኝ ስለምፈልግ ነው። ፊሽካዋን ያንጠለጠሉት እርስዎ ስለሆኑ ማውረድ የሚችሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔ ሞክሬ ነበር። ፊሽካዋን ቁም ሳጥኑ ጫፍ ላይ ደብቄ የት እንዳለች ስጠየቅ አላየሁም ብዬ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ማሙሽ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «እዛ» አለ። ከዚያ በፊት አጥርቶ የሚናገረው ቃል «ኳስ» ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ቃሉ በአባቱ ላይ የተሰጠ ምስክርነት ሆነ። ስለዚህ አንድ ቀይ ካርድ ለስርቆት፣ አንድ ቀይ ካርድ ለውሸት ተቀብያለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ክብርት ርዕሰ መምህርት «ትንሹ ተቆጣጣሪ» የተሰኘ መርሐ ግብር አቋቁመው ለእያንዳንዱ ሕፃን ደረት ላይ የሚለጠፍ ባጅ፣ ፊሽካና ከካርቶን የተቆረጡ ቀይ ካርዶች አድለዋል። ሕፃኑ ቤት ገብቶ ጥርሱን ያልቦረሸ፣ የጮኸ፣ ሳህኑ ላይ ምግብ ያስተረፈ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዋሸ ሰው ሲያገኝ ፊሽካውን ይነፋል፣ ካርዱን ይሰጣል፣ ጥፋተኛውንም በትንሿ ወንበር ላይ አስቀምጦ «እንዲያስብ» ያደርጋል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ልጆቹ ክብ ሠርተው የሳምንቱን ግኝት ለመምህራቸው ያቀርባሉ። የቤታችንን ገመና ለመሸፈን ስንደክም የኖርነው በከንቱ መሆኑን ስላስገነዘቡን እናመሰግናለን። አሁን የበር ጥበቃው ሳይቀሩ ልጄን ስቀበል ጥርሴን በደንብ ያዩና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ከዚህ በታች ቅሬታዎቼን በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ፊሽካውን ራሱን በሚመለከት። የሹፌር ቀኝ እግር እንደ ሌላ ሰው እግር አይደለም። ፊሽካ ሲነፋ ጭንቅላቴ እስኪሰማ አይጠብቅም፤ በራሱ ጊዜ ፍሬን ይረግጣል። አለቆቼ ያመሰገኑት፣ ተሳፋሪ ያተረፈ እግር ነው። ችግሩ ቤት ውስጥ ፍሬን የለም። ስለዚህ ልጄ በነፋች ቁጥር ወለሉን ይደልቃል፤ ማሙሽን ሳጥብ ደግሞ ከነካልሲው ሳፋ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ጊዜም ለምሳ የቀረበውን ፓስታ ይዤ ስመጣ ተነፍቶብኝ ምሳችንን ከመጋረጃው ላይ ለቅመናል። ከእኛ በታች የሚኖሩት ጡረተኛ መጀመሪያ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይመቱ ነበር። አሁን ለምደውታል፤ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋህ?» ብለው በሐዘኔታ ይጠይቁኛል።

ሁለተኛ፣ ትንሿን ወንበር በሚመለከት። ወንበሯ የፕላስቲክ ስትሆን የተሠራችውም የልጄ ቁመትና ወርድ ታሳቢ ተደርጎ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ከወገቤ በታች ያለው ይዞታዬ በተፈጥሮ ሰፋ ያለ ነው። ባለፈው ሳምንት ካሮት ስላስተረፍኩ ተቀምጬ በማሰብ ላይ ሳለሁ በር ተንኳኳ። ተነሣሁ፤ ወንበሯም አብራኝ ተነሣች። ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ስለነበረች በሩን የከፈትኩት ወንበሯን እንደለበስኩ ነው። የመጡት የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነበሩ። እኒህ ጨዋ ሰው ምንም ሳይጠይቁ ቆጣሪውን አነበቡ፤ ሲወጡ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «በርቱ» አሉኝ። ለምን በብዙ ቁጥር እንዳሉኝ እስካሁን አልገባኝም፤ ምናልባት ወንበሯንም ቆጥረው ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ተቆጣጣሪዋን ማን ይቆጣጠራታል የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም። የራሷ ካሮት በማሙሽ ቦት ጫማ ውስጥ እየተገኘ ነው። ይህን በጨዋ ቋንቋ ባነሣባት ባጇን በጣቷ እየነካች ተቆጣጣሪ ካርድ እንደማይሰጠው መምህሯ እንዳስረዷት ነገረችኝ። ለማሙሽ የምትሰጠው ካርድ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ይበላዋል። እስከዛሬ ከአትክልቱ ጋር አስተያይቼ እንደታዘብኩት ልጁ በፍላጎት የሚበላው ብቸኛው ቀይ ምግብ እሱ ነው።

አራተኛው ቅሬታዬ ዋናው ስለሆነ ታግሠው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አማቴ ከእኛ ሰፈር ሁለት ፌርማታ አለፍ ብለው ይኖራሉ። የእኔና የባለቤቴ ፈረቃ ሲጋጭ ማሙሽን የሚይዙልን እሳቸው ናቸው። ሲመጡ ሁልጊዜ በትልቅ ድስት ሾርባ ይዘው ይመጣሉ፤ ከዚያም ሾርባው እስኪሞቅ የኩሽናችንን መደርደሪያ እንደ አዲስ ያዘጋጃሉ፤ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ለሁለት ቀን ጨው ፍለጋ እንሰማራለን። ደግ ሴት ናቸው፤ ግን ሳይደውሉ ይመጣሉ።

በቅርቡ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማሙሽ ከረጅም ትግል በኋላ ገና እንቅልፍ ወስዶት ነበር። እኔና ባለቤቴም ሶፋው ላይ ዝርግት ብለን ሳለ አማቴ ድስታቸውን ይዘው ግቢውን ሲያቋርጡ በመስኮት አየኋቸው። ሰው ነኝና ደከመኝ። በሹክሹክታ ሁላችሁም ተደበቁ፣ የለንም አልኩ። ባለቤቴ ጠረጴዛ ሥር ገባች። እኔ ከሶፋው ጀርባ በሆዴ ተኛሁ፤ ልጄንም ጎኔ አስተኛኋት። አማቴ አንኳኩ። ደግመው አንኳኩ። በዚህ መሃል ተቆጣጣሪዋ ሥራዋ ትዝ ብሏት ጆሮዬ ሥር ፊሽካዋን ነፋችው፤ እግሬም እንደተኛሁ ግድግዳውን ደለቀው። ቀጥላም በሚሰማ ድምፅ «አባዬ ቀይ ካርድ፣ እያለን የለንም ብሏል» አለችና ሄዳ በሩን ከፈተች።

አማቴ ደጃፉ ላይ ቆመው እኔን ወለል ላይ፣ ልጃቸውን ጠረጴዛ ሥር አዩን። ለመነሣት ሞከርኩ፤ የወደቀ ቁልፍ እየፈለግን ነው ልል አፌን ከፈትኩና ተቆጣጣሪዋ ፊሽካዋን ወደ አፏ ስታስጠጋ አይቼ መልሼ ዘጋሁት። አማቴ ድስቱን ቀስ አድርገው ወለሉ ላይ አስቀመጡ። «ለካ ተኝታችኋል፣ አልረብሻችሁም» ብለው ሄዱ።

ከዚያች እሑድ ወዲህ ቤታችን አልመጡም። ባለቤቴ ስትደውል ደህና ነኝ ብለው ስልኩን ይዘጋሉ። ፌርማታ ላይ ቆመው አውቶብሴን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ በሩን ከፍቼ እየጠበቅኳቸው የሚቀጥለውን አውቶብስ ይጠብቃሉ፤ ተሳፋሪው ከኋላ ያጉረመርማል። ክብርት ርዕሰ መምህርት፣ እዚህ ላይ ቀልዴን አቁሜ እውነቱን ልናገር። ይህ ነገር ከፍቶኛል። ሴትዮዋ ናፍቀውኛል፤ ጨው መፈለጉም ሳይቀር ናፍቆኛል። ማሙሽም በር ሲንኳኳ እየሮጠ ይሄድና ሌላ ሰው ሲሆን አኩርፎ ይመለሳል።

ባለቤቴ ለምና፣ አልቅሳ፣ እኔንም በስልክ ይቅርታ አስጠይቃ ለመጪው ቅዳሜ ምሳ እሺ አሰኝታቸዋለች። ሾርባውን ይዘው ይመጣሉ። ችግሩም ከሾርባው ይጀምራል። እኔ ከተጋባን ጀምሮ ያንን ሾርባ ግሩም ነው እያልኩ፣ ይደገመኝ እያልኩ ጠጥቻለሁ። ነገር ግን አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ለባለቤቴ በሹክሹክታ የሳህን እጣቢ ይመስላል ማለቴን ተቆጣጣሪዋ ሰምታለች። ሌላው ልጅ የሰማውን ወዲያው ይናገራል፤ የእርስዎ ተማሪ ግን ጥፋት በተግባር መያዝ እንዳለበት ስለተማረች ለቅዳሜ ቆጥባዋለች። ማንኪያውን ወደ አፌ ስወስድ ተቃራኒዬ ተቀምጣ «አባዬ፣ እንዴት ነው?» ብላ እንደምትጠይቀኝ በፈገግታ አሳውቃኛለች። ይጣፍጣል ብል ፊሽካ ነው። አይጣፍጥም ብል አማቴን ለዘለቄታው አጣለሁ። ዝም ብል ደግሞ ለትልቅ ሰው መልስ አለመስጠት ቀይ ካርድ ያሰጥ እንደሆነ ጠይቄ፣ ጠያቂዋ ትልቅ ሰው ባትሆንም ያሰጣል ተብያለሁ።

አምስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ባለቤቴ እንዳልጽፈው ከልክላኛለች። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ክብ ሠርተው ሲያቀርቡ ስለሰሙት ዝርዝሩን እርስዎ ያውቁታል።

ስለሆነም ክብርት ሆይ፣ ልጆቻችንን እውነት እንዲናገሩ በማስተማርዎና ይህንንም ትምህርት በእርስዎ ቤት ሳይሆን በእኛ ቤት በተግባር እንዲሞከር በመፍቀድዎ ያለኝ ምስጋና ወሰን እንደሌለው እየገለጽኩ፣ ፊሽካውና ባጁ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው መዋዕለ ሕፃናቱ ዘንድ እንዲቀመጡ፣ ይህ ካልተቻለ ቢያንስ ለቅዳሜ የምሳ ሰዓት ብቻ ተቆጣጣሪዋ የዓመት ፈቃድ እንድትወጣ እንዲያዙልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ወንበርና ወሬ የማያቀብል ቤተሰብ እየተመኘሁልዎ፣ ካለሁበት ሆኜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞው አባወራ፣
በአሁኑ ጊዜ በአመክሮ ላይ የምገኘው የአውቶብስ ሹፌር

ግልባጭ፦
ለታችኛው ፎቅ ጡረተኛ፣ ለእግሬ ድምፅ ማብራሪያ ይሆን ዘንድ
ለወላጆች ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን ደብዳቤ በእጅዎ ለመስጠት ትናንት ልጄን ለመቀበል ስመጣ ወደ ቢሮዎ ጎራ ብዬ ነበር። የበር ጥበቃው ለስብሰባ ወጥተዋል አሉኝ፤ እኔም አምኜ ልመለስ ነበር። ነገር ግን የልጄ ቁመት ከመስኮትዎ ደፍ ብዙም ስለማይበልጥ ከመጋረጃው ሥር ወንበር ላይ የቆመ አረንጓዴ ጫማ ማየቷን፣ ጫማውም ውስጥ እግር መኖሩን ገልጻ በደንቡ መሠረት ፊሽካዋን ነፍታለች። ቀኝ እግሬ የጥበቃውን እግር ስለረገጠ ይቅርታ ያስተላልፉልኝ። ከውስጥም ወንበር የወደቀ መስሎ ተሰምቶን ነበር፤ እንዳልተጎዱ ተስፋ አደርጋለሁ።

ተቆጣጣሪዋ ቤት እንደደረስን ግኝቷን ለአያቷ በስልክ አሳወቀች። አማቴ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ ከዚያም «ለካ ትልልቁም ሰው ይደበቃል፤ እኔ እኮ እኔን ብቻ የሸሻችሁኝ መስሎኝ ነው» አሉ። ዛሬ ጠዋት አውቶብሴ ላይ ተሳፍረው ከኋላዬ ካለው ወንበር ተቀምጠው እስከ መውረጃቸው ድረስ ስለ መደርደሪያችን ሲመክሩኝ ነበር። ስለዚህ ከላይ ያቀረብኩትን ማመልከቻ በሙሉ አንስቻለሁ፤ ፊሽካው ከልጄ አንገት ላይ እንዳይወርድ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቅዳሜን እንደምንም እወጣዋለሁ። አማቴ ግን ከሰው የሚደበቅ ሰው ምን ያህል እንደደከመው በእኛ አይተውታልና ለእርስዎም አንድ ድስት ሾርባ ሠርተው ሊልኩ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ልጆቹ ክብ ሠርተው በተቀመጡበት፣ ልጄ ራሷ ታቀርብልዎታለች፤ ማንኪያውንም ወደ አፍዎ ሲወስዱ ከፊትዎ ቆማ እንዴት እንደሆነ ትጠይቅዎታለች።