የሚዞር ነገር ሁሉ በኖርዌይኛ

ማክሰኞ

አሁንም «ኤዲ» ለሚለው ቃል ትርጉም አላገኘሁም። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው። የላከው ኖርዌይ ውስጥ ከወንድሜ ከዳዊት ጋር በአንድ የዓሣ ጀልባ ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ዳዊት ውኃ ውስጥ ወደቀ፣ ኤዲ ያዘው፣ ሞተ። ሦስት መስመር!

እማዬ አታውቅም። እዚህ ሮም የምኖርበት ቤት ባለቤት ጋሽ መኩሪያ «እሑድ ጠዋት እናረዳታለን። እስከዚያ ፊትህ እንዳያሳብቅ» አሉኝ። ፊትን እንዴት ነው ዝም የሚያሰኙት? አዲስ አበባ ላለው ለአባባ ደግሞ መጻፍ አይቻልም። ደርግ ደብዳቤ ይከፍታል ይላሉ።

ረቡዕ

ዳዊት በየደብዳቤው የሚዞር ነገር ስም በእንግሊዝኛና በኖርዌይኛ ይልክልኝ ነበር። ዛሬ ሰበሰብኳቸው፦

ስፒን፦ ስኑሬ።
ወርል፦ ቪርቭሌ።
ስወርል፦ እሱም ቪርቭሌ። «እነዚህ ሰዎች ቃል ይቆጥባሉ» ብሎ ጽፏል።

ኤዲ የለም። የእንግሊዝኛ አስተማሪዬን ጠየቅኳት። በጣሊያንኛ «ሙሊኔሎ!» ብላ ጣቷን አየር ላይ እያዞረች ሳቀች። ስለ ዳዊት ምንም አታውቅም። ቢሆንም ጠላኋት።

ሐሙስ

የእማዬ የዕረፍት ቀን። ከምትሠራበትና ከምታድርበት ቤት ቀጥታ እኔ ወዳለሁበት ሰፈር፣ ፒኜቶ መጣች።

«አሎራ፣ እሺ፣ ወንድምህ ምን አዲስ ቃል ላከ?» አለች።

ሁልጊዜ ትጠይቃለች። ሁልጊዜ እነጫነጫለሁ፣ ነገ ትረሺዋለሽ እላታለሁ። ዛሬ አንድ በአንድ አስረዳኋት። «ስኑሬ» እያለች የሻይ ማንኪያዋን አሽከረከረች። ሽንት ቤት ገባሁ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ፎጣ ነከስኩ።

ዓርብ

የትምህርት ቤቱ መዝገበ ቃላት፦ ኤዲ፣ ወደ ኋላ የሚዞር ውኃ። ዋና ያስተማረኝ ዳዊት ነው! ወደ ኋላ የሚዞር ውኃ እንዴት ያሸንፈዋል? መጽሐፉን ወረወርኩት። ከክፍል አስወጡኝ።

እሑድ

እማዬ እሑድም ስለማትሠራ ከትናንት ማታ ጀምሮ እዚህ ነበረች። ጋሽ መኩሪያና ሁለት ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ መጡ። ገና ሳያንኳኩ በሩን ከፈተችላቸው። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

«ልጄን ነው ወይስ አባቱን?» አለች።

«ዳዊትን ነው፣ እህቴ።»

ለቅሶው ረገብ ሲል ወደ እኔ ዞረች። «ሐሙስ ዕለት ሳትነጫነጭብኝ ስትቀር አወቅሁ። ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ምን ወሰደብኝ?»

«አዙሪት፣ እማዬ።»

«በእነሱ ቋንቋስ?»

«ቪርቭል ይመስለኛል።»

«ቪርቪል» አለች።

«እንዲህ አይደለም! ስንት ጊዜ ልንገርሽ!» ብዬ ሽማግሌዎቹ ፊት ጮህኩባት። ከዚያ አለቀስኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ የያዝኩት ሁሉ ወጣ።

ራሴን ደረቷ ላይ ይዛ «እንዲህ ነው» አለች። «አሁን እንደ ድሮው ልጄ ሆንክ።»