የሚርገበገበው ስክሪንና የእምዬ ክብሪት

እሑድ፣ 11/1። ከሥራ መልስ

ጫማ ወልቋል። እግሬ ወንበር ላይ። ፋብሪካው ገና ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። ሻወር፣ ሩዝ በምስር፣ ከዚያ ኮምፒውተር። የፈረቃ ኃላፊነት ትምህርት በኢንተርኔት ነው የምማረው፤ ፈተናው በወሩ መጨረሻ። አንዱን ገጽ አነባለሁ፣ እረሳለሁ፣ እመለሳለሁ። ዕብራይስጡ አይደለም ያስቸገረኝ። ጭንቅላቴ ነው አልሰማም ያለው።

ልጄ ሺራ አዘነችልኝ። አንድ ፕሮግራም ጫነችልኝ። ኢንተርኔት ሳስስ ስክሪኑ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ፣ ብልጭ ድርግም ያደርጋል። አእምሮ የብርሃኑን ምት ተከትሎ ይሰክናል አለች። የአንጎል ሞገድ ምናምን። ሊጀምር ሲል ስለ ጤና ገጽ ሙሉ ጥያቄ ደረደረ። ማን ያነባል? ሁሉንም «የለም» ብዬ አለፍኩ። እናቴ እምዬ ያስለመዱን ነው። እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ ስለ በሽታ ለሚጠይቅ ሁሉ በቤታችን መልሱ አንድ ነው፤ የለም።

ማክሰኞ፣ 13/1

ደብተሬ፣ ይሠራል! አንድ ምዕራፍ ሳልነሣ ጨረስኩ። ትከሻዬ ወረደ። ከትምህርቱ አልፌ የካርሜ ጋት ሰፈርን አዳዲስ ቤቶች አየሁ፣ መጋረጃ መረጥኩ። ለየትኛው መስኮት እንደሆነ እንጃ። ስክሪኑ ይርገበገባል፣ እኔ እርግት። ፋብሪካ ሳይሆን ባሕር ዳርቻ የዋልኩ ነው የምመስለው።

እምዬ ግን አልተዋጠላቸውም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእኛ ጋር ናቸው። ወንበር ስበው ጎኔ ተቀመጡ። የሚያዩት ስክሪኑን አይደለም፣ የእኔን ፊት ነው። እጃቸው ቀሚስ ኪሳቸው ውስጥ። እዚያ ክብሪት አለ፤ ሁሌም አለ። አያጨሱ፣ ምድጃችን በራሱ የሚለኮስ። ለምን እንደሚይዙት ጠይቀን ሰልችቶናል። ልማድ ነው ይላሉ።

በየደቂቃው «ዝጊው ልጀ፣ ይበቃሻል»። ገና መጀመሬ እኮ ነው!

ዓርብ፣ 16/1። ሻባት ሳይገባ

ተናድጃለሁ። የሻባት፣ የሰንበታችን፣ ሻማ ልለኩስ ብል ክብሪት አልቋል። እምዬን ለመንኩ። እንቢ! ኪሳቸውን በመዳፋቸው ጥብቅ። ሺራ ሱቅ ሳይዘጋ ብላ በሩጫ ወጣች። ሰው በክብሪት ይሰስታል? በልጅ ላይ?

ሺራ ስትወጣ ከበር ላይ ሆና «ሳቭታ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለቻቸው። አያቷን አንቺ ነው የምትለው፤ ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም። ሌላ ጊዜ ይስቃሉ። ዛሬ አልሳቁም።

የሚገርመኝ፣ የክብሪት ሽታ ከልጅነቴ ጀምሮ ደስ ይለኛል። ምክንያቱን አላውቅም። ገና ሲጫር ልቤ እርፍ ይላል። እምዬ እንግዲህ ይህንንም ይንፈጉኝ።

ሺራ መጣች። በቃ።

ሰኞ፣ 19/1

እንዴት ልጻፈው?

ፈተናው ቀርቧል ብዬ የብርሃኑን ፍጥነት ጨመርኩ። እምዬ ከወንበራቸው ብድግ ብለው በእኔና በስክሪኑ መሀል ቆሙ። ነጠላቸውን ጣሉበት። ጮኽኩ። «ምን ነካዎት?» አልኩ። አንቱታው በአፌ፣ ስድቡ በድምፄ። በእናት ላይ!

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ተናገሩ።

ለካ እኔ ልጅ ሳለሁ እወድቅ ነበር። ጎንደር፣ ወንዙ አጠገብ፣ ዛፍ ሥር። ፀሐይ በቅጠሉ መሀል ብልጭ ድርግም ስትልብኝ ዓይኔ ይፈዛል፣ ከዚያ መሬት። አባቴ ራሴን ይደግፋል፤ እምዬ ክብሪት ጭረው ያሸቱኛል። አገሬው ሁሉ ለሚጥል በሽታ የሚያደርገው ነው። ስነቃ ምንም አላስታውስም። አዲስ አበባ ሳንገባ በሽታው ተወኝ። እዚህ ስንደርስ ሐኪሞቹ ጠየቁ፤ እምዬ ልጄን ይመልሱብኛል ብለው የለም አሉ። ሳድግ ደግሞ ማን ያገባታል ብለው ዝም። አባቴም ምስጢሩን ይዞ ሞተ።

«ያ መብራት ሲርገበገብ የዛፉን ጥላ አየሁት» አሉ። «ብትወድቂብኝስ? ክብሪቱ ባዶ ቢሆንብኝስ?»

አለቀስኩ። ሐዘን ግን አይደለም፣ ደብተሬ። እኔ ስስት ያልኩት ይህን ሁሉ ዘመን እኔን ሲጠብቅ ኖሯል። የክብሪት ሽታ ለምን እንደሚያሳርፈኝም ገባኝ። ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማገኘው እሱንና የእናቴን ፊት ነበር።

ረቡዕ፣ 21/1

ሺራ የጥያቄውን ገጽ መልሳ ከፈተችው። ገና ከላይ፣ አንደኛው ጥያቄ፦ እርስዎን ወይም ቤተሰብዎን የሚጥል በሽታ ይዞ ያውቃል? ካወቀ አይጠቀሙ። የእኔ መልስ ፊት ለፊት ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ተያየን። ፕሮግራሙን አብረን አጠፋነው።

ቁፓት ሖሊም፣ የጤና መድን ክሊኒካችን፣ ቀጠሮ ያዝኩ። ለሐኪሟ ሁሉን እነግራለሁ፤ ለእኔም፣ ለሺራም ሲባል። እምዬ ደነገጡ፤ የግድ ነው ወይ አሉ። የግድ ነው እምዬ። ሺራ አገባች አላገባች በዚህ ዘመን ስለዚህ የሚጠይቅ የለም።

ሺራ ደግሞ ስታነብ ቆይታ ክብሪት ማሽተት አይረዳም አለች። ሰው ሲወድቅ በጎኑ ማስተኛት ነው። ምንጣፍ ላይ ተዘረረች። «ነይ ሳቭታ፣ አገላብጪኝ!» እምዬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተንበርክከው አገላበጧት። ደግመው አገላበጧት። ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና ታንኮራፋለች። ሳቃችን ታች ፎቅ ሳይሰማ አልቀረም።

ማታ ትምህርቴን ያለ ብልጭታ አነበብኩ። እንደ ኤሊ። እምዬ ጎኔ ሆነው አንቀላፉ። ሳላስበው ምዕራፉ አለቀ።

ዓርብ፣ 23/1። ሻባት ሊገባ ሲል

ቤቱ ተጠርጓል። ደስ ብሎኛል፣ እንዲሁ። ዛሬ ክብሪት ሞልቷል፤ ሺራ ባለፈው እሽግ ሙሉ ነው ያመጣችው። አንዱን ልከፍት ስል እምዬ መጡ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ያንን ሣጥን አወጡ፣ ጠርዙ ተበልቷል። አንዲት ፍሬ መዝዘው መዳፌ ላይ አኖሩ። በእሷ ለኩሺ አሉ።

ሣጥኑን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

አይጠቅምም ተብሏል እኮ፣ እምዬ፣ አልኩ።

«ሰምቻለሁ። በጎንሽ አስተኛሻለሁ። ከዚያ አሸትሻለሁ።»

አልተከራከርኩም። ፍሬዋ እጄ ላይ ናት። ሻማዎቹ ተደርድረዋል፣ እምዬ ጎኔ ቆመው ፊቴን ያያሉ። ልለኩስ።