አንድ እጅ ጎደለ

ታርቦክስ ወደብ፣ ሜይን
ማርች 24 ቀን 2015

ለልጄ ለድዋይት፣ ባለህበት፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ደህና እንደሆንክ ግን አውቃለሁ፤ ባትሆን ኖሮ ትደውል ነበር። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ግን ተናድጃለሁ። ከቅዳሜው የከተማ ስብሰባ ጀምሮ እንደተናደድኩ ነኝ። ስለዚህ ደብዳቤውን ሳትቀድ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ተሸነፍን። ስድሳ አንድ ለስድሳ። በአንድ እጅ፣ ድዋይት! እኩል ለእኩል ቢወጣ እንኳ ማማው ይውረድ ያለው ሐሳብ ይወድቅ ነበር።

ከገና በፊት ጽፌልሃለሁ፤ ቤታችንን የገዙት የኮኔቲከት ሰዎች ሊሸጡት ነው፣ መልሼ ልገዛው ተስማምቻለሁ ብዬ። በፌብሩዋሪም ደገምኩልህ፤ በከተማው ስብሰባ በግቢያችን መብራት አመንጪ የነፋስ ማማ ላይ ድምፅ ሊሰጥ ነው፣ ና ብዬ። ስምህ ዛሬም ከመራጮች መዝገብ አልተፋቀም። እዚህ በፖስታ የሚላክ ድምፅ የለም። አዳራሹ ውስጥ ተገኝቶ እጁን ያላወጣ ሰው እንዳልተፈጠረ እንደሚቆጠር አንተ ከማንም በላይ ታውቃለህ። አልመጣህም። አልመጣም ብለህ እንኳ አልጻፍክም። ቴክሳስ ውስጥ የሰው ማማ ልትጠግን ስትወጣና ስትወርድ ትውላለህ፤ ለአባትህ ማማ ግን አንድ ቀን አጣህለት!

የጸደቀው ይህ ነው፦ ከሠላሳ አምስት ጫማ የሚበልጥ የቤት ነፋስ ማማ ከእንግዲህ አይተከልም፤ ቀድሞ የተተከለውም ቤቱ ባለቤት ሲለውጥ ይወርዳል። ኮኔቲከቶቹ ባይሸጡ ኖሮ ማማው እንደቆመ ይቀር ነበር። የሚወርደው እኔ ስለምገዛው ነው።

ከቦስተን መጥታ ኮረብታው ላይ ቤት የሠራችው ሚስስ ሃሎዌል ተነሥታ፣ «የክንፎቹ ጥላ ቁርሴን ስበላ ሳህኔ ላይ ይሽከረከራል፤ ድምፁም ራሴን ያዞረኛል» አለች አሉ። እሷስ ትበል፤ ትናንት የመጣች ናት፣ አታውቀንም። እኔን አንጀቴን ያሳረረኝ ሊንውድ ነው። ከአባትህ ጋር ሃያ ዓመት አንድ ጀልባ ላይ ሎብስተር ያጠመደው ሊንውድ! የመብራት መስመሩ በበረዶ የተበጣጠሰ ጊዜ፣ መንደሩ ሁሉ አሥራ አንድ ቀን ሲጨልም፣ በማማው መብራት ውኃ የሚስብ ፓምፕ የነበረን እኛ ብቻ ነበርን። ሊንውድ ጠዋትና ማታ ሁለት ባልዲ ይዞ ይመጣ ነበር። የምትቀዳለት አንተ ነበርክ። ወጪት ሰባሪ!

ስብሰባው ሲበተን በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«ሊንውድ፣ እጅህን አውጥተህብኛል አሉ።»

«አርዲት፣ በናትሽ ቂም እንዳትይዢብኝ። መሬቴን ልሸጥ ነው። ደላላው ያ ማማ እያለ ማንም አይገዛህም አለኝ።»

«ውኃዬን ስትቀዳስ ማማው አልታየህም ነበር?»

«እሱ እኮ ድሮ ነው፣ አንቺ ደግሞ!»

«እንግዲያው ባልዲዬን መልስልኝ። ከሁለቱ አንዱ የእኔ ነበር።»

ሳቀ። የምቀልድ መስሎት ነው። እሑድ ጠዋት ስነሣ ባልዲው ደጃፌ ላይ ተቀምጧል፤ እሱ ግን ለሰላምታ እንኳ አላንኳኳም።

ቤቱን የሸጥኩ ዕለት ያልከኝን አልረሳሁም። «አባቴን ነው የሸጥሽው» አልከኝ። ዛሬ እመልስልሃለሁ። አባትህ ኤቨሬት ከሞተ በኋላ ያንን ማማ በየዓመቱ ለጥገና በገመድ ማን ያውርደው? ቅባቱን ማን ይቀይርለት? አንተ የለህም። ማዕበል በመጣ ቁጥር የማማውን ፍሬን ልይዝ በዚያ ነፋስ ውስጥ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ፈርቼ ነበር፣ ድዋይት። የሸጥኩት ስለፈራሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ከሱቅ በላይ ባለች ክፍል ተቀምጬ በመስኮት ሳየው ኖሬያለሁ፤ እሱ ደግሞ ከፍርሃቱ የባሰ ሆነብኝ።

አሁን ደግሞ የአክስቴ ልጅ ሃርላን ደውሎ ሳያወራልህ እኔው ልንገርህ። ዘንድሮም ሰብሳቢው እሱ ነበር። ልማዱን ታውቀዋለህ፤ የስብሰባውን ምሳ የምናበስለው ሴቶቹ ነን፣ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ሰብሳቢው የወጥ ቤቱን መስኮት ያንኳኳል፣ እኛም ሽርጣችንን ሳንፈታ ወጥተን እጃችንን እናወጣለን። ያቺ ሃሎዌል የማማው ነገር ከምሳ በፊት ይታይልን ብላ ተራውን አስለወጠች። ሃርላንም አንኳኳ።

ሰማሁ። ሌሎቹ ሁሉ ወጡ። እኔ ግን ምድጃው ውስጥ አንድ የብሉቤሪ ፓይ ነበረኝ፤ ለምሳው ሳይሆን ለብቻው የደበቅኩት። ሊያርብኝ ነበር። ሰዉ እንደ ልማዱ ግማሽ ሰዓት ይጨቃጨቃል ብዬ «መጣሁ፣ አንድ ጊዜ» አልኩ። አልተጨቃጨቁም። ፓዩን በሁለት እጄ እንደያዝኩ፣ ድምፁ ማለቁን የሚነግረው የሃርላን መዶሻ ጠረጴዛውን ሲመታ ሰማሁት።

መልስ ባትሰጠኝም ትመጣለህ ብዬ ላንተ የጋገርኩት ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ የጎደለው እጅ ያንተ ነው እያልኩ ስረግምህ ሰነበትኩ። ያንተም ነው። የእኔም ነው። በማን ይበልጥ እንደምናደድ አላውቅም።

ቤቱን ግን እገዛዋለሁ። ኤፕሪል 10 እፈርማለሁ። ማማው እስከ ሜይ መጨረሻ ይውረድ ተብሏል። ቅጥረኛ አምጥቼ እንደ ግንድ በመጋዝ አላስቆርጠውም። አንተና አባትህ እንዳቆማችሁት በገመድ ተይዞ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚተኛው። አንድ ሰው ገመዱ የሚጠመጠምበት መዘውር ጋ፣ አንድ ሰው የኋላው ገመድ ጋ። የማማው እግር ላይ አባትህ በቀይ ቀለም የጻፈልህን ታስታውሳለህ፤ አሥራ አምስት ዓመትህ ነበር፦ «ብቻህን አትንካው።» ጽሑፉ አሁንም አለ፤ ባለፈው ሳምንት ሄጄ አይቼዋለሁ።

መዘውሩን እኔ እይዛለሁ። የኋላውን ገመድ የሚይዝ ካልተገኘ ሜይ 30 ጠዋት ብቻዬን እጀምራለሁ። ታደርገዋለች ወይስ አታደርገውም ብለህ አትጠይቅ፤ እናትህን ታውቃታለህ።

እስከዚያው ማሰሪያህ አይላላብህ፤ እግርህ የረገጠው ሁሉ ይጽናልህ። የወጣህበትን ሁሉ በሰላም ያውርድህ።

የተናደደችብህ እናትህ፣
አርዲት

ፓዩ ያረረው ጠርዙ ብቻ ነው። ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።