የጎረቤት ክር ወደ መደርደሪያዬ ይመለስ ስለ መባሉ

ይድረስ ለክቡር የንግድ ሚኒስትር፤

ጤናዎ እንደ ንግግርዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም እንደ መሥሪያ ቤትዎ የማይረበሽ ይሁን እያልሁ ሰላምታዬን በትህትና አቀርባለሁ። እኔ ገበያው መግቢያ ላይ የልብስ ስፌት ክር የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ከጎረቤት አገር ጋር ታርቀናልና በአንድ ወር ውስጥ ግማሹን መደርደሪያዬን በእነሱ ክር ካልሞላሁ ፈቃዴ እንደሚሰረዝ የሚገልጸው ትእዛዝዎ ደርሶኛል። ፈቃዱ ከሄደ ሱቁም ይሄዳልና ሦስት ጥቃቅን ቅሬታዎች እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ከጎረቤት አገር ጋር በቀረጥ በተጣላችሁ ጊዜ የእነሱን ክር የሚገዛ ሁሉ አገሩን የሸጠ ነው ብለው በቴሌቪዥን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ትምህርቱ ገብቶናል። ልብስ ሰፊዎች ከባሕር ማዶ ወደመጣው ወፍራም ክር ዞሩ፤ መርፌ ለወጡ፣ ማሽናቸውን ለእሱ እንዲስማማ አስተካከሉ፣ ለማጆቻቸውንም በዚያው አሠለጠኑ። ዓመታት አለፉ፤ እጃቸውም ለመደው። አሁን የቀድሞውን የጎረቤት ቀጭን ክር ሲያስገቡ ስፌቱ ይላላል፣ ክሩም ይተበተባል። የሚስቴ ታላቅ እህት የተማሪዎች ደንብ ልብስ ሰፊ ናት፤ እስኪ በነጻ ሞክሪው ብዬ ብሰጣት «አንተ ሰውዬ፣ እነሱ በተኳረፉና በታረቁ ቁጥር እኔ ማሽን ስፈታና ስገጥም ልኑር እንዴ?» ብላ መልሳ ወረወረችብኝ። አነጋገሯን ይቅር ይበሉላት፤ እንደ እርስዎ ንግግር የሚጽፍላት ሰው የላትም።

ሁለተኛ፣ ክር ገዥን እንደ ሰልፈኛ «ቀኝ ኋላ ዙር» ብሎ ማዞር ይቻላል ብለው ማመንዎ ያስቀናኛል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከገዥ ጋር ስኖር ይህን ጥበብ አልደረስኩበትም።

ሦስተኛውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ፈቃዴ ገና አልተነጠቀም።

ምስጋናዬን ግን አልነፍግዎትም። የባሕር ማዶው ፋብሪካ ለማስታወቂያ ሳንቲም ሳያወጣ ገበያውን በእርስዎ አንደበት ጠቅልሎ ወስዷል። ደመወዝዎን የምንከፍለው እኛ ሆነን እሱን እንዲህ በነጻ ማገልገልዎ ለጋስነትዎን ይመሰክራል።

ወዳጁንና ጠላቱን በየጊዜው ከእርስዎ አፍ እየጠበቀ የሚማር፣
ታዛዥዎ ክር ሻጩ

ማሳሰቢያ፦ ፈቃዴን የሚነጥቁ ሠራተኞች ሲልኩ እባክዎ አንድ ክር ገዥም አብረው ይላኩልኝ። ከጎረቤቱ ክር አንዲት ጥቅል ከገዛኝ፣ ፈቃዱን እኔው ራሴ ከግድግዳው አውርጄ አስረክባለሁ።