አርባ ትኬትና አንድ ቁራጭ እርሳስ

ይድረስ ለተወደድሽው እህቴ ለእታለም ተናኘ። በእኛ ወፍጮ ቤት ለፋሲካ ሰሞን የሚፈጨው ጤፍ ፍሬ በፍሬ ተቆጥሮ ቢያልቅ እንኳ ለአንቺ ያለኝ ሰላምታ አያልቅም። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይስ እንደ ክፉ እንግዳ እየሄደ ይመለሳል? እማዬስ ዓይኗ ተሻላት? ባልሽ ጋሽ መዝገቡስ ደህና ነው? ቢቸና ዝናቡ ጠብ አለ? ቡሬ በሬያችን ዛሬም ቀንበር ሲያይ እንደ ታመመ ሰው ይተኛል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ውሸቴን ነው፤ አንድ የሱሪ ቁልፍ ጎድሎብኛል፤ እንዴት እንደ ጎደለ ከታች እነግርሻለሁ።

አሁን ምሥጋና ልጅሽ ንባቧን ገታ ታድርግና ጽሑፉን ታሳይሽ። የማን እጅ ይመስልሻል? እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ ፖስታ ቤት ደጅ የሚቀመጠው ጸሐፊ ነበር። እኔ «ናፍቃችሁኛል» ብዬ ስነግረው እሱ «በናፍቆታችሁ ባሕር ሰጥሜ» እያለ ይጽፍና፣ እማዬ «ልጄን ውኃ በላው» ብላ ሰፈሩን አስለቀሰች ብላችሁ ልካችሁብኝ ነበር። ይሄኛው ግን የገዛ ጣቶቼ ሥራ ነው! የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። አስተማሪያችን «ደምሰው፣ እጅህ ከባድ ነው፤ ወረቀቱን እኮ እያረስከው ነው» ብትለኝ «የገበሬ ልጅ ነኝ፣ የኔ እመቤት፣ ሳላርስ አልዘራም» ብያት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም ቀድሜ ስሜን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሰዎች ቀድመውኛል የሚሉ አሉ፤ የእነሱ ስም ግን አጭር ነው።

ጋሽ መዝገቡ «ደምሰው ፊደል የቆጠረ ዕለት ጺሜን እላጫለሁ» ያለው ቃል እንዳለ ነው? እንዳለ ከሆነ ከጺሙ ጋር ይሰነባበት።

ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ አፌ አላረፈም። ከጎፋ እስከ ላፍቶ ያለውን የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የምሄደው። የጭነት መኪና ኋላ ላይ የተጻፈ ጥቅስ ሳላነብ ካመለጠኝ ምሳ አይበላልኝም። ቁራጭ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ነው እህል የምፈጨው፤ ዱቄቱ ነጭ ስለሚያደርገኝ ሰፈሩ «ፈረንጁ ጸሐፊ» ብሎ ስም አወጣልኝ። መከራዬን ያመጣብኝም ይሄው ጉራዬ ነው፤ ስሚ።

ጠጠር ሜዳ የሚባል የሰፈር የእግር ኳስ ቡድን እንዳለን ታውቂያለሽ። ስሙ ከሜዳው የመጣ ነው፤ ሣር የሚባል ነገር አያውቅም። የተጫዋቾቻችን ጉልበት ሲታይ አዲስ የተወቀረ የወፍጮ ድንጋይ ይመስላል። ይሄ ቡድን ዘንድሮ አንዱን ሲጥል፣ ሌላውን ሲጥል፣ ለዋንጫው ከከተማው ትልቅ ክለብ ጋር ስታዲየም ገብቶ እንዲጫወት ደረሰው። የክለቡን ስም አልጽፍልሽም፤ እርሳሴን አላረክስም። ስታዲየሙን የእነሱ ደጋፊ አስቀድሞ ሞልቶታል፤ ለእኛ የተሰጠን አንድ ጥግ ነው፣ አርባ ትኬት። ለቡድኑ በየወሩ የሚያዋጣው ሰው ግን ከመቶ በላይ ነው። አምና የጎረቤት ሰፈር ቡድን በእንዲህ ያለ ነገር ተጣልቶ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ዛሬ ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም። ሁላችንም የፈራነው እሱን ነበር።

ቀድሞ የቡድኑ ዕጣ አውጪ እኔ ነበርኩ። ቡድኑን በሚጭነው ፒክአፕ ላይ ማን ይሳፈር፣ ለበዓል የታረደውን በግ ቆዳ ማን ይውሰድ ሲባል ስም በወረቀት ተጽፎ ይጠቀለልና ባርኔጣ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ «ደምሰው ና!» ይባላል። ለምን እኔ? ማንበብ ስለማልችል ነዋ! ወረቀቱን ብፈታው እንኳ የማን እንደሆነ አላውቅም። መሃይምነቴ እንደ ሹመት ተቆጥሮልኝ ስንት ዓመት ተከብሬ ኖሬያለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። ሊቀ መንበራችን አቶ አምሐ «ስሙ ተጽፏል፤ ደምሰው እንደ ልማዱ ያውጣልን» ሲል ፀጉር አስተካካዩ ሙሉሰው ብድግ አለ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ደምሰው እኮ ፊደል ቆጥሯል! ትናንት ሊላጭ መጥቶ የሳሙናውን ካርቶን ሳይቀር አንብቦብኛል። ዓይን ያለው ሰው ዕጣ አያወጣም» አለ። ሰው በሳቅ ወደቀ። «ሌባ እያልከኝ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ሌባ አላልኩም፤ አንባቢ ነው ያልኩህ» አለኝ። ፊደል ስቆጥር ሹመት ይጨመርልኛል ስል ያለኝንም ተገፈፍኩ።

አቶ አምሐ ግራ ገባውና «እንግዲያው ኮሚቴው ይደልድለው፤ ለእንግዶችም ጥቂት ተነሥቶ ይቀመጥ» ሲል ሜዳው እንደ ተነካ ቀፎ ሆነ። አንዱ «የማን እንግዳ?» ይላል፤ ሌላው «የሚስትህ ወንድም ነው እንግዳው!» ይላል። ድንጋይ ሊነሣ ምንም አልቀረው። ይሄኔ የተጫዋቾቹን ማሊያ የምታጥብልን ገዲሴ ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። «ወንድሞቼ፣ ለበዓል የበሬ ቅርጫ ስትገቡ ጉበቱን ቀድማችሁ ለእንግዳ ትሸሽጋላችሁ? ስምስ ትጽፋላችሁ? ለሥጋው ያላቃታችሁን ለወረቀት እንዴት አቃታችሁ?» አለች። ድንጋይ ፍለጋ ያጎነበሰው ሁሉ ቀና አለ። እታለም፣ ሐሳቡ የኔ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ለካ ውሸት በአፍ ሲሉት ቀላል ነው እንጂ በእርሳስ ሲሉት ይከብዳል።

እንግዲህ እንደ ቅርጫው ልማድ ሆነ። ከወፍጮ ቤት ጆንያና ወንፊት ሮጬ አመጣሁ። ትኬቶቹ ጆንያው ላይ እንደ ሥጋ መደብ ተዘረጉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ጠጠር ተጫነባቸው፤ ሰፈራችን ንፋስ ስልክ የሚለውን ስም በከንቱ አላገኘውማ። ከዚያ ሰው ሁሉ የየራሱን ምልክት ወንፊቱ ውስጥ ጣለ፦ ቆርኪ፣ የባቄላ ፍሬ፣ የተሰበረ ማበጠሪያ፣ ቁልፍ። ምልክቱ ያረፈበት ትኬት የባለምልክቱ ነው፤ ወንፊቱ ውስጥ የቀረበት ቀረበት።

ዕጣውን የሚጥለው ደግሞ ማን ምን እንደሰጠ ያላየ፣ ለማንም የማያደላ ሰው መሆን አለበት። ከየት ይምጣ? ሰፈሩ ሁሉ የእኛ ደጋፊ ነው፤ ከአንድ ሰው በቀር። ሥጋ ሻጩ ዋቅጅራ የዚያ ስሙን የማልጽፈው ክለብ ደጋፊ ነው፤ የሥጋ ቤቱን በር ሳይቀር በእነሱ ቀለም ቀብቶታል። ተጠርቶ መጣ። «ዋቅጅራ፣ አታዳላም?» ቢሉት «ለማናችሁ ብዬ? ሁላችሁም ቤታችሁ ብትቀሩ ደስታዬ ነው!» አለ። ከዚህ የሚበልጥ መሐላ የለም ተባለና ወንፊቱ ተሰጠው።

አሁን የኔን ሞኝነት ስሚ። ሰው ቆርኪና ቁልፍ ሲጥል እኔ ከማን አንሼ ብዬ የጆሮዬን እርሳስ ጥዬ ነበር። ዋቅጅራ ወንፊቱን እየነቀነቀ፣ አንድ አንድ እያነሣ ትኬቶቹ ላይ ሲያኖር እርሳሷ እጁ ላይ ወጣች። አያትና ከት ብሎ ሳቀ። «ይቺማ የፈረንጁ ጸሐፊ ናት! የሥጋ ዋጋ ልጻፍልህ እያለ በሷ አይደል እንዴ ሲጨቀጭቀኝ የከረመው!» ብሎ አንዱ ትኬት ላይ ቁጭ አደረጋት።

ትኬት ደረሰኝ ማለት ነው። ስታዲየም ገብቼ አላውቅም። ቡድናችን ማሸነፍ ከጀመረ ወዲህ፣ እየፈጨሁም ፊደል እየቆጠርኩም፣ «በዓይኔ አይቼ በእጄ እጽፍላቸዋለሁ» እያልኩ ስመኝ ነበር፤ ይሄው ምኞቴ ጆንያዬ ላይ ተኝቷል። አቶ አምሐ «ይሁንለት፣ እግዜር የሰጠው ነው» አለ። ሙሉሰው ግን መጀመሪያ እርሳሷን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ያህል ዘመን ዕጣ ያወጣሁ ሰው ሕጉን አላውቀውም ልበል? ጣዩ ባለቤቱን የለየው ዕጣ ዕጣ አይደለም። «ሁሉም ይሰብሰብ፤ ከመጀመሪያው ይጣል» አልኩ። ከወፍጮው በላይ ይጮሃል የሚባለው ድምፄ ያን ቀን እንደ ትንኝ ቀጥኖ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማኝ።

ዋቅጅራ ፊቱን አዞረ። እርሳሴን ጆሮዬ ላይ መልሼ፣ ከሱሪዬ ቁልፍ በጥሼ ጣልኩ። እንደገና ተነቀነቀ፣ እንደገና ተጣለ። ለገዲሴ ደረሳት። ለሙሉሰው ደረሰው። ለአቶ አምሐ አልደረሰውም፤ ሊቀ መንበር ሆኖ! ትኬቱ ሲያልቅ ብመለከት ቁልፌ ወንፊቱ ግርጌ ቁጭ ብላ ታየኛለች። እሷም ወንፊቱ ሲራገፍ ጠጠሩ መሃል ጠፋች፤ ሱሪዬ ቁልፍ አጣ፣ እኔ ትኬት አጣሁ፤ ሱሪዬን በእጄ፣ ቅሬታዬን በሆዴ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ያጉረመረመ ሰው ግን አልነበረም። ገዲሴ ተከትላኝ መጥታ «ደምሰው፣ ውሰደው፤ እኔ ቤቴ ሆኜ እጸልይላቸዋለሁ» ብትለኝ «ዕጣ የሰጠሽን ሰው አይቀበልሽም፤ ይልቅስ ጉሮሮሽን አዘጋጂ» አልኳት።

የጨዋታው ዕለት ግን ተፈላጊው ሰው እኔ ሆኜ አረፍኩት። ስታዲየም ማለት እታለም፣ ዙሪያውን በር ብቻ ነው፤ በተሳሳተው ከተሰለፍሽ ጨዋታው ውጭ ያልቅብሻል። ከአርባዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ አምና እኔ እንደነበርኩት ናቸው። እንደ ሚዜ ከፊት ከፊት እየሄድኩ፣ የበሩን ጽሑፍ ከትኬቱ ጋር እያስተያየሁ፣ በየመሃሉ ሳያስፈልግም የመጠጥ ማስታወቂያውን እያነበብኩ በራችን ላይ አደረስኳቸው። አንድ በአንድ ሲገቡ ሙሉሰው ከሰልፉ ወጣና ትኬቱን ዘረጋልኝ። «ደምሰው፣ የት ይላል?» አለኝ። ይሄ ሰው በየጠዋቱ ለደንበኞቹ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነው! ትኬቱን ተቀብዬ፣ ጣቴን እያስኬድኩ፣ ሳልቸኩል አነበብኩለት። «በዚሁ ነው፣ ግባ» ስለው ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ገባ።

እኔና አቶ አምሐ ግንቡ ሥር ቀረን። ዝም ማለት እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ያን ቀን ግን ጆሮዬን ግንቡ ላይ ለጥፌ ዝም አልኩ። መጀመሪያ ምድር የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት መጣ። አቶ አምሐ ባርኔጣውን አወለቀና «አገቡብን» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ደግሞ ስታዲየሙ በሙሉ ጭጭ አለ። እንዲያ ያለ ጸጥታ የማውቀው መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ሲቆም ነው። ከዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከአንድ ጥግ፣ አንዲት ትንሽ ጩኸት ወጣች። በላይዋ ላይ የገዲሴ እልልታ። «አገባን!» ብዬ ዘለልኩ። አቶ አምሐ «በምን አወቅህ?» ቢለኝ «ትንሽ ናታ! ትንሿ የእኛ ናት!» አልኩትና ተቃቅፈን ዱቄቴን ሁሉ ኮቱ ላይ አራገፍኩበት።

በመጨረሻ ሌላ ነጎድጓድ መጥቶ ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ምንም አይደል። አርባዎቹ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ እየሳቁ ወጡ። ከመሃላቸው የማንንም ድርሻ ይዞ የገባ ስላልነበረ ይመስለኛል ጩኸታቸው ከአንድ ጉሮሮ የወጣ የመሰለኝ። ዋቅጅራ በማግስቱ ሥጋ ሲቆርጥልኝ «ያቺ ጎላችሁ እስካሁን አልዋጥ ብላኛለች» እያለ ቅልጥም ጨመረልኝ። ከእንግዲህ ዕጣ ጣዩ እሱ ነው። እኔን ደግሞ በር አንባቢ ብለው ሾመውኛል፤ እንዲህ ያለ ሹመት ያ ትልቁ ክለብ እንኳ የለውም።

በይ እንግዲህ፣ የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ከባሕሩ መውጣቴንም ንገሪያት። ለጋሽ መዝገቡ ከሰላምታ ጋር ምላጭ ልኬለታለሁ፤ ፖስታው ውስጥ በወረቀት ጠቅልዬዋለሁና እጅሽን እንዳይቆርጥሽ። ምሥጋናዬ፣ ፊደሌ ተንጋዶ ካየሽ አትሳቂብኝ፤ መብራቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ቡሬንም ጆሮውን እከኩልኝ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ አንድ የሱሪ ቁልፍ ላኪልኝ፤ ቀለሙ የፈለገውን ይሁን።

ይሄ ደብዳቤ ተነብቦ ሲያልቅ፣ እታለም፣ ደጅ ውጪና አንዴ እልል በይልኝ። ትንሽ ብትሆን ግድ የለም። ትንሿን ከሩቅ መለየት ተምሬያለሁ።

ወንድምሽ ደምሰው፣ በገዛ እጄ

አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክ፣ ላፍቶ
ግንቦት 21 ቀን 1989 ዓ.ም.